«ነገ ለሚቀየር ነገር ለምን አጠናለሁ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጬ አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ላኪዎቹ አይተዋወቁም፣ አንዷ እናት ናት አንዱ መምህር አንዱ ተማሪ፣ ግን ጥያቄያቸው ሲጨመቅ አንድ ነው፣ ልጆቻችን ሳይንስ የሚባለውን ነገር ምን አድርገው ነው የያዙት የሚል። ይሄ ጉዳይ ለኔ በጣም ቅርብ ስለሆነ መልሱ ረዘም ካለ ይቅርታ። ደሞ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ የስድስተኛ ክፍል ልጅ አለኝ፣ ጎበዝ ነው ግን ሰሞኑን ሳይንስ አላጠናም ብሎ አስቸግሮኛል። እኔ ድሮ ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው ተብዬ ነው የተማርኩት፣ የሱ መጽሐፍ ስምንት ይላል። ከዛ ደሞ ቲክቶክ ላይ በኮሮና ጊዜ መጀመሪያ ማስክ አያስፈልግም አሉ ኋላ አድርጉ አሉ የሚል ቪዲዮ አይቶ «ሳይንቲስቶች ይዋሻሉ፣ ነገ ለሚቀየር ነገር ለምን አጠናለሁ?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንዳትቆጪው። ልጅሽ ከያዘው ሀሳብ ተነስተሽ ካየሽው ክርክሩ ትክክል ነው። እሱ ሳይንስ ማለት ተረጋግጠው ያለቁ መልሶች የተጻፉበት ዝርዝር ነው ብሎ ነው የያዘው፣ ከዝርዝሩ አንዱ ሲቀየር እንግዲህ ወይ ያኔ ዋሽተዋል ወይ አሁን እየዋሹ ነው፣ ሌላ መውጫ አይታየውም። መስተካከል ያለበት መነሻው ነው፣ እሱን ደሞ ማንም ቁጭ ብሎ አስረድቶት አያውቅም።

ይሄ የሱ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሱዛን ኬሪ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የሰባተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ እየጠየቀች ነበር፣ ኤክስፐሪመንት ምንድነው፣ ሳይንቲስት ለምን ይሠራዋል እያለች። የብዙዎቹ መልስ አንድ ነገር ሞክረህ ይሠራ እንደሆነ ማየት ነው የሚል ዓይነት ነበር። ሳይንቲስቱ መጀመሪያ በጭንቅላቱ የያዘው ሀሳብ እንዳለ፣ ኤክስፐሪመንቱ ያን ሀሳብ መፈተኛ እንደሆነ፣ ሀሳቡም ሊወድቅ እንደሚችል አጥርቶ የተናገረ ልጅ ብዙ አልነበረም። ከዛ ወዲህ እንግሊዝም ሌላም አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፣ ልጆች የሳይንስ መልስ እንጂ ወደ መልሱ የተደረሰበት መንገድ አይነገራቸውም።

ወደ ፕሉቶ ስንመጣ፣ ፕሉቶ እዛው ሰማይ ላይ ነው ያለው፣ የትም አልሄደም። በ1930 ክላይድ ቶምባው አሪዞና ላይ ሲያገኘው ዘጠነኛ ፕላኔት ተባለ፣ በጊዜው እዛ አካባቢ ሌላ ነገር አልታወቀም ነበርና። ከ1992 ጀምሮ ግን ከኔፕቲዩን ወዲያ በጣም ብዙ በረዷማ አካላት መገኘት ጀመሩ፣ በ2005 ደሞ ኤሪስ የተባለችው ተገኘች፣ በትልቅነት ከፕሉቶ ጋር የምትቀራረብ። አሁን ምን ይደረግ? ኤሪስም ፕላኔት ትባል? ከሷ በኋላ የሚመጡትስ? ስለዚህ በ2006 የዓለም የአስትሮኖሚ ባለሙያዎች ፕራግ ላይ ተሰብስበው ፕላኔት የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው የሚለውን በድምፅ ወሰኑ፣ ፕሉቶም ድንክ ፕላኔት ከሚባሉት ጋር ተመደበ። ለልጅሽ እዚህ ጋ ሁለት ነገር ለይተሽ አሳዪው፣ አንዱ በቴሌስኮፕ የታየው ነው፣ ሌላው ሰዎች የታየውን የመደቡበት መንገድ ነው። የተቀየረው ምደባው ነው፣ የተቀየረውም ብዙ አዲስ ነገር ስለታየ ነው።

የማስኩ ነገር ትንሽ ይለያል፣ እሱ ላይ ልጅሽ የሸተተው ነገር አለ። በ2020 መጀመሪያ ላይ ቫይረሱ ምልክት ከሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚተላለፍ በደንብ አልታወቀም፣ ማስክም ለሀኪሞቹ እንኳን አልበቃም ነበር። ማስረጃው ሲጠራቀም የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሚያዝያ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደሞ በሰኔ ምክራቸውን ቀየሩ። መቀየራቸው ልክ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ አነጋገሩ ነው፣ ብዙ ባለሥልጣናት «እስካሁን ያለን መረጃ ይሄን ያህል ነው» ማለት ሲገባቸው የጨረሰ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ተናገሩ፣ ሰዉም ቃላቸውን ያጠፉ አድርጎ ወሰደው። ይሄን ለልጅሽ ሳትደብቂ ንገሪው።

ከዛ ከቤታችሁ አንድ ምሳሌ አምጪለት። ጨጓራ የሌለበት ቤት የለም አይደል? እናቶቻችንን ብትጠይቂያቸው ጨጓራ የሚመጣው ከበርበሬ ነው፣ ከንዴት ነው፣ ምግብ ከማሳለፍ ነው ይሉሻል፣ የዛን ጊዜ ሀኪሞችም ቢሆኑ የጨጓራ ቁስለት ዋናው መነሻ ጭንቀትና አሲድ ነው ብለው ነበር የሚያክሙት፣ ጨጓራ ውስጥ ባለው አሲድ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም ይባል ነበር። በ1979 አውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን የሚባል የፓቶሎጂ ሀኪም ከታማሚዎች ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ቆልመም ያሉ ባክቴሪያዎች በማይክሮስኮፕ አየ። በኋላ ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሀኪም ተቀላቀለውና ባክቴሪያውን ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ ለማሳደግ ሞከሩ፣ ሞከሩ፣ አልሆነም። በ1982 የፋሲካ በዓል ሆነና ባክቴሪያው እንዲያድግባቸው የተዘጋጁት ሳህኖች ከተለመደው ሁለት ቀን በላይ ሳይነኩ ቆዩ፣ ሲመለሱ ባክቴሪያው አድጎ ጠበቃቸው። ለካ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነበር፣ ሁልጊዜ ቶሎ እየጣሉት ነው። ብዙ ሰው ግን አላመናቸውም፣ በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፣ በቀናት ውስጥ ታመመ፣ ጨጓራው ተቆጥቶ ከተወሰደው ናሙናም ባክቴሪያው ተገኘ። የሱ መጠጣት ብቻውን ስለ ቁስለት ሁሉንም አላረጋገጠም፣ ብዙ አገር ብዙ ሀኪሞች ዓመታት ፈጅተው መረመሩት፣ በ2005 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ ክሊኒክ ስትሄጂ «ኤች ፓይሎሪ አለብሽ» ተብሎ (የዚሁ ባክቴሪያ ስም ነው) አንቲባዮቲክ የሚታዘዝልሽ በዚህ ምክንያት ነው። ልጅሽን «እና ሀኪሞች ስለ ጨጓራ የነበራቸውን ሀሳብ ባይቀይሩ ኖሮ ይሻል ነበር?» ብለሽ ጠይቂው፣ መልሱን ራሱ ይስጥሽ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሳይንስ ይቀየራል ብቻ ብለሽ ካቆምሽ ልጁ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄድብሻል፣ እንግዲያማ ሁሉም ግምት ነው፣ የቲክቶኩ ሰውዬም የኔም የሀኪሙም እኩል ነው ይላል። እኩል አይደለም። መሬት በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር በብዙ የተለያየ መንገድ ተፈትኖ ያለፈ ነው፣ ነገ ማለዳ ይገለበጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም፣ ባለፈው ወር ስለ አንድ ምግብ የወጣ አንድ ጥናት ግን ገና ጅምር ነው። ይሄን ማን አየው፣ ስንት ሰው ደገመው፣ ሌላ ሊሆን የሚችል ምክንያት ተፈትኗል ወይ ብሎ መጠየቅ ከለመደ ቲክቶኩንም በዛው ዓይን ያየዋል።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ክፍል ልጄን ሳይንቲስት ሳዪልኝ አልኳት፣ ጸጉሩ የቆመ ነጭ ጋውን የለበሰ ሽማግሌ፣ ባጠገቡ የሚጨስ ብልቃጥ ሳለች። ሳቅኩ ግን ደሞ አሳሰበኝ። ሊያሳስበኝ ይገባል?
አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ የሳለችውን ሥዕል የዓለም ልጆች በሙሉ ስለውታል ማለት ይቻላል። ዴቪድ ዌድ ቻምበርስ የሚባል ተመራማሪ በ1983 ባሳተመው ጥናት 4,807 ልጆች ሳይንቲስት እንዲስሉ ተደርጎ ሴት ሳይንቲስት የሳሉት 28 ብቻ ነበሩ፣ 28ቱም ሴት ልጆች ናቸው፣ ከወንዶቹ አንድም አልነበረም። ከዛ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ተሻሽሏል፣ በ2018 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ሴት ሳይንቲስት የሚስሉት ወደ 28 በመቶ ደርሰዋል፣ ግን ልጆቹ በዕድሜ ከፍ ሲሉ ወደ ወንዱ ያዘነብላሉ። ሥዕል መሳል ብቻውን ሁሉን አይናገርም፣ ልጆች የሚታወቅ ምልክት ፈልገውም ነው ጋውኑን የሚስሉት። ቢሆንም እኔን የሚያሳስበኝ ሽማግሌው ብቻውን መሆኑ ነው፣ ለብቻው ነው የሚሠራው፣ የሚያናግረው ሰው የለም፣ የሚከራከረውም የለም።

ለልጅህ የሰገነት ቀለሙን ታሪክ ንገራት። ፍኖተ ሰላም ነው ያደገችው፣ በልጅነቷ አንበጣ ሰብል ሲያጠፋ አይታለች፣ ግብርና ተማረች፣ የእጽዋት በሽታ ተመራማሪ ሆና በ2014 ሎሪያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች፣ ናይሮቢ ያለውን ትልቁን የነፍሳት ምርምር ማዕከልም መርታለች። ከዛ ደሞ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚባል የቅሪተ አካል ተመራማሪ በ2000 አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ስላገኛት ሰላም ስለተባለችው ቅሪተ አካል ንገራት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ ስትሞት የሦስት ዓመት አካባቢ የነበረች ሕፃን ናት። አጥንቶቿ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቀው ስለነበር በጥርስ ሀኪም መሣሪያ ፍሬ በፍሬ እያነሳ ለዓመታት ነው ያጸዳት። የሚጨስ ብልቃጥ የለም፣ ያለው መብራት፣ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ነው። ከዛ በኋላ እንደገና ሳዪ በላት።

ጥያቄ፦ ሰባተኛ ክፍል ጄኔራል ሳይንስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ገጠር ነው፣ ላብ የለንም፣ በአንድ ክፍል ከ70 በላይ ተማሪ አለ። ልጆቹ ትርጓሜውን በቃላቸው ይሉልኛል፣ ኦብዘርቬሽን ምንድነው ስላቸው በአንድ ትንፋሽ፣ አንድ ነገር አሳይቼ ምን አያችሁ ስላቸው ግን ዝም። ያለ ላብ እንዴት አድርጌ ላስተምራቸው?
መምህር፣ ከወሎ

መልስ፦ መምህር፣ እርስዎ ባሉበት ሁኔታ ይሄን መጠየቅዎ በራሱ ያስደስታል። ላብ ይኑር አይኑር የሚለው ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም ላብ አያስፈልግም አልልም፣ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ግን ላብ ብቻውን እርስዎ የሚፈልጉትን አያመጣም።

ይሄን በደንብ ያሳየ ጥናት አለ፣ በ2002 የወጣ፣ ሊባኖስ ውስጥ በ62 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ሮላ ኪሽፌና ፉአድ አብዱል ኻሊቅ የሠሩት። ልጆቹ በሁለት ቡድን ሆነው አንድ ዓይነት የምርመራ ሥራ ነው የሠሩት፣ እጃቸውን አስገብተው፣ ራሳቸው ፈልገው። ልዩነቱ አንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ቆም ብሎ አሁን ያደረግነው ምንድነው፣ ያየነው የቱ ነው፣ የገመትነውስ የቱ ነው፣ ሌላ ሰው ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችል ነበር ወይ እያለ በግልጽ መወያየቱ ነው። ሌላኛው ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ስለ ሳይንስ ያላቸው አመለካከት በደንብ የተሻሻለው የተወያዩት ናቸው፣ ሠርተው ብቻ የሄዱት ከነበሩበት ብዙም አልተነቃነቁም። ስለዚህ ዋናው ነገር ከእርስዎ አፍ የሚወጣው ጥያቄና ከልጆቹ የሚመጣው ንግግር ነው፣ እሱ ደሞ ጀነሬተር አይፈልግም።

አንድ ነገር ይሞክሩ። አምስት ስድስት የጫማ ካርቶን ይፈልጉ፣ ውስጡ በሙጫ ቁራጭ እንጨት እንደ ግድግዳ አድርገው ይለጥፉ፣ አንድ ብይ ይጨምሩበትና ዙሪያውን በፕላስተር ጥርቅም አድርገው ያሽጉት። ለየቡድኑ አንድ አንድ ይስጡ፣ ማነቃነቅ ይቻላል፣ ማዘንበል፣ ማዳመጥ ይቻላል፣ መክፈት አይቻልም። ውስጡን ይሳሉ ይበሏቸው። መጀመሪያ ዝም ብለው ያንኳኩታል፣ ትንሽ ቆይቶ አንዷ ልጅ ካርቶኑን ወደ ቀኝ ስታዘነብል ብዩ ተንከባሎ መሀል ላይ ቀጭ ብሎ ሲቆም ትሰማለች፣ «መሀሉ ላይ የሆነ ነገር አለ» ትላለች፣ ሌላው የለም ሁለት ብይ ነው የተጋጨው ይላል፣ እንግዲህ እዛ ጋ ትምህርቱ ተጀመረ። ምን ሰማሽ? ቀጭ ሲል። መሀሉ ላይ ያለውን አይተሽዋል? አላየሁም። ታዲያ እንዴት አወቅሽ? አንተስ ሁለት ብይ ከሆነ ካርቶኑን ቀስ አድርገህ ብታዘነብል ምን መስማት አለብህ? ሁለት ድምፅ። እስቲ ሞክር። እንዲህ እያሉ የሰሙትን ከገመቱት ይለያሉ፣ ግምታቸውንም ይፈትናሉ፣ አንዳንዴ ሁለት ቡድን አንድ ካርቶን ላይ ሁለት የተለያየ ሥዕል ይዞ ይቀራል፣ ሁለቱም ድምፁን የሚያስረዳ።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ልጆቹ ይክፈቱልን ብለው ይለምኑዎታል። እባክዎ አይክፈቱት። ያኔ ትንሽ ይናደዳሉ፣ ግን አቶምን ማንም ከፍቶ አላየውም፣ የመሬትን እምብርትም ማንም ወርዶ አላየውም፣ ስለ መሬት ውስጥ የምናውቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ እንዴት እንደሚያልፍ በማዳመጥ ነው፣ ካርቶኑን እንዳዳመጡት ማለት ነው። ከፈቱት ልጆቹ መልሱ መምህሩ ጋ ነበር ብለው ይሄዳሉ።

የአገር ውስጥ ታሪክ ደሞ አለልዎት፣ የዶክተር አክሊሉ ለማ። በ1964 ቢልሃርዝያ የሚባለውን ከውሃ የሚይዝ በሽታ ለማጥናት አድዋ አካባቢ ሄዶ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ፣ እነሱ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፣ ከላይ በኩል ግን በሕይወት ያሉ። ቢልሃርዝያን የምታሻግረው ቀንድ አውጣ ናት። እዚህ ጋ ታሪኩን ያቁሙና ልጆቹን ይጠይቁ፣ ምን አየ? የሞቱ ቀንድ አውጣዎች። እንዶድ ሲገድላቸው አየ? አላየም። ሌላ ምን ሊገድላቸው ይችል ነበር? ከልብሱ የወጣው እድፍ ሊሆን ይችላል፣ ውሃው ሞቆ ይሆናል፣ ልጆቹ ራሳቸው ያመጡልዎታል። እንዴት ይለይ? ከዛ ይቀጥሉላቸው፣ በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ለብቻ አስደርጎ የእንዶዱ አረፋ ሲጨመርባቸው ሞቱ፣ ከዛ አዲስ አበባ ተመልሶ ላብ ውስጥ ዓመታት የፈጀ ሥራ ሆነ፣ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ደሞ ተጨማሪ ምርምር ሠሩበት። ሴቶቹ እንዶድን እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ያውቁታል፣ እሱ ያመጣው ጥያቄውንና ፍተሻውን ነው።

ታሪኩ እዛ ላይ አያልቅም፣ ይሄም ለልጆች መነገር አለበት ባይ ነኝ። ውጭ ያሉ ተቋማት ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም፣ ደኅንነቱ በታወቀ ላቦራቶሪ በተወሰነ ደረጃ ካልተፈተነ እያሉ፣ ፍተሻው ደሞ አንድ የኢትዮጵያ ተቋም በቀላሉ የማይችለው ገንዘብ ይጠይቃል። በ1989 ሁለቱ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። የትኛው ጥያቄ ገንዘብ ያገኛል፣ የማን ማስረጃ ቶሎ ይሰማል የሚለው የሳይንስ አካል ነው፣ የሰው ሥራ ስለሆነ። የወሎ ልጅ ይሄን ሲሰማ ሳይንስ ሌላ ቦታ ተሠርቶ አልቆ በመጽሐፍ የሚላክለት ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል።

ፖርሽን መጨረስ አለብኝ፣ ፈተናው ትርጓሜ ነው የሚጠይቀው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ እኔም ሳስተምር ያው ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ቀይሩ አልልም፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ርዕስ ላይ፣ «ይሄን እንዴት አወቅነው?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝማል፣ አይሙሉት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። 11ኛ ክፍል ነኝ። መምህራችን ቲዎሪ ሲረጋገጥ ሕግ ይሆናል አሉን። ስለዚህ ኢቮሉሽን ቲዎሪ ስለሆነ ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው? ሃይማኖተኛ ነኝ፣ ፈተና ላይ ምን ልጻፍ?
ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ጎበዝ፣ ቲዎሪ አድጎ ሕግ አይሆንም፣ ሥራቸው የተለያየ ነው። ኒውተን በ1687 ያሳተመው የስበት ሕግ ሁለት ነገሮች ምን ያህል እንደሚሳሳቡ በቀመር ይነግርሃል፣ ለምን እንደሚሳሳቡ ግን አይነግርህም፣ ኒውተን ራሱ ምክንያቱን አላገኘሁትም ብሎ ጽፏል። ለምን የሚለውን ያስረዳው በ1915 የመጣው የአይንስታይን ቲዎሪ ነው፣ በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ ላይ የከዋክብት ብርሃን ፀሐይ አጠገብ ሲታጠፍ ተለክቶ ተፈተነ። እንደውም የኒውተን ሕግ የሜርኩሪን ምህዋር በትክክል አልገለጸም ነበር፣ ቲዎሪው ነው ያስተካከለው። ታዲያ ማን ከማን ይበልጣል? በሽታ በጀርም ይመጣል የሚለው ቲዎሪ ነው፣ ቁስ ሁሉ ከአቶም ነው የሚለውም ቲዎሪ ነው፣ ማንም ገና አልተረጋገጠም አይልም። ቲዎሪ አድጎ ሕግ ይሆናል የሚለው ነገር ብዙ አገር ያሉ ተማሪዎችም መምህራንም የሚሉት ስለሆነ መምህርህን በክፍል ውስጥ አትጋፈጣቸው፣ በረፍት ሰዓት በትህትና አንሳላቸው።

ኢቮሉሽንን በተመለከተ እስቲ ድንቅነሽን እንውሰድ። በኅዳር 1974 አፋር ሀዳር ላይ ተገኘች፣ ከአጽሟ 40 በመቶ የሚሆነው አለ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናታል። የታየው አጥንቱ ነው። ዕድሜዋ በአጥንቱ አልተለካም፣ በአካባቢዋ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው የተለካው። በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር የሚለው ግምት ነው፣ ግን ጠንካራ ግምት ነው፣ የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበት ሲወርድ እንደኛ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ዳሌዋም እንደዛው፣ ታንዛኒያ ላይ ደሞ ከሷ በፊት የነበሩ ፍጡራን በሁለት እግር የሄዱበት ዱካ በአመድ ላይ ቀርቶ ተገኝቷል። በ2016 ጆን ካፕልማን የሚባል ተመራማሪ ከቡድኑ ጋር ሆኖ አጥንቷ ላይ ያለውን ስብራት አይቶ ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው አለ፣ ራሱ ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰንና ሌሎች ግን አልተቀበሉትም፣ እንዲህ ዓይነት ስብራት ከሞት በኋላም ይመጣል፣ ሌሎች የእንስሳት ቅሪቶች ላይም አለ አሉ። አየህ፣ አንዷ ድንቅነሽ ላይ እንኳን የሚያከራክርም የማያከራክርም አለ፣ እንዴት ሞተች የሚለው ስላከራከረ በሁለት እግሯ መሄዷ አልወደቀም።

ፈተና ላይ ቲዎሪው የሚለውንና ማስረጃው ምን እንደሆነ ጻፍ፣ የተጠየቅከው እሱ ነው። አንድን ነገር አጥርቶ መረዳት እምነትህን አሳልፈህ ስጥ ማለት አይደለም። ሳይንስ በተፈጥሮ ውስጥ ሊፈተን የሚችለውን ነው የሚጠይቀው፣ የእምነት ጥያቄህን ከንስሐ አባትህም ከቤተሰብህም ጋር በሰፊው ተወያይበት፣ እኔ በዚህ አምድ ልወስንልህ አልችልም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ልጄ ለሳይንስ ፌር፣ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር ማለት ነው፣ ባቄላ ተክላ ነበር፣ ስኳር የተጨመረበት ውሃ የጠጣው ቶሎ ያድጋል ብላ። ተቃራኒው ሆነ፣ ንጹህ ውሃ ያገኘው በለጠ። አለቀሰች፣ ቁጥሩን ልቀይረው ነው ስትል ደነገጥኩ። ምን ላድርግ?
አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩን አትቀይር፣ ይሄ ላይ ድርድር የለም፣ ግን ስትነግራት በቁጣ አይሁን። ልጅቷ መጥፎ ሆና አይደለም፣ ሃይፖቴሲስ፣ ማለትም ቀድማ የያዘችው ግምት፣ ልክ መሆን ያለበት መልስ ነው ብላ ስላሰበች ነው፣ ፈተና ላይ ኤክስ እንደማግኘት ነው የቆጠረችው። ክፍላቸው ውስጥ የተለጠፈው ፖስተርም ሳይረዳ አይቀርም፣ ያ ከጥያቄ ጀምሮ በቀስት ድምዳሜ ላይ የሚያልቀው፣ ሳይንቲስት ሁሉ በአንድ መንገድ የሚሄድ ያስመስላል። ኮከብ የሚያጠና ሰው ኮከቡን ላብ ውስጥ አያስገባውም፣ አጥንት የሚቆፍር ሰውም ቀድሞ ሃይፖቴሲስ ጽፎ ላይሆን ይችላል፣ አብዛኛው ሰው ወደፊት ሄዶ ተመልሶ ጥያቄውን ራሱን ይቀይራል።

አሁን እሷ የያዘችው ውጤት ጥሩ ውጤት ነው። ስኳር ያለበት ውሃ ሥሩ ውሃ እንዳይስብ ያስቸግረዋል፣ አፈሩም ላይ ሻጋታ ሊያመጣ ይችላል፣ የትኛው እንደሆነ ግን የሷ ሙከራ አይለይም፣ እና ይሄ ራሱ የሚቀጥለው ጥያቄዋ ነው። ቁጭ በሉና ጠይቃት፣ በየዓይነቱ ስንት ፍሬ ነበር የተከልሽው? ሦስት ሦስት ከሆነ አንዷ ደካማ ፍሬ ብቻ ውጤቱን ልታበላሸው ትችላለች፣ ጊዜ ካላችሁ አሥር አሥር አድርጋ ትድገመው። ሁሉም አንድ መስኮት ጋ ነበሩ? ውሃውስ በእኩል መጠን ነበር? ስኳሩ ስንት ማንኪያ ነበር፣ ቢቀነስስ?

ለውድድሩ በምታቀርበው ፖስተር ላይ የመጀመሪያውን ግምቷን እንዳለ ትተወው፣ ሳትሰርዝ፣ ከሥሩ የለካችውን በቀኑ ትጻፍ፣ ከሱ ቀጥሎ «አሁን የማስበው» ብላ ለምን እንደቀየረች በራሷ ቃል ትጻፍ። ዳኛው መጥቶ ግምትሽ ትክክል ነበር ወይ ካላት አልነበረም ትበል፣ ከዛ የለካችበትን ደብተር አውጥታ ታሳየው።